የክብር እንግዳው ከልጆቹ ጋር በአንድ ጠረጴዛ

በየዓመቱ በሱኮት ሰሞን፣ ሰው ዳሱ ሥር ተቀምጦ ቡናውን ሲጠጣ፣ አንዳንድ የልጅ ልጆች ቦርሳቸውን አንግተው ወደ ቴል አቪቭ ይሄዳሉ። አንዱ ካባ ደርቧል። አንዷ ከስፖንጅ የተሠራ ሰይፍ ይዛለች። ሌላው ኪሱ ውስጥ ኩቢያ ያንቀጫቅጫል። አያት "ወዴት ነው ጉዞው?" ብለው ሲጠይቁ መልሱ አጭር ነው፦ "ወደ አይኮን ነው፣ አባባ።" እዚያ ደርሰው ምን እንደሚሠሩ ግን ቤት ውስጥ የሚያውቅ ብዙ ሰው የለም።

አይኮን የሳይንስ ልቦለድ፣ የምናብ ታሪክና የሚና ጨዋታ ፌስቲቫል ነው። በዕብራይስጥ "ሚስሓኬ ታፍኪዲም" የሚባሉት ጨዋታዎች ከዝግጅቱ ትልቁን ድርሻ ከሚይዙት አንዱ ናቸው። እንዲህ ዓይነት ኬኔስ በአሜሪካም፣ በአውሮፓም ሞልቷል። ሁሉም ደግሞ እንደ ሠርግ ቤት አንድ ነገር አይጎድላቸውም፤ የክብር እንግዳ።

ታዲያ ይህ የክብር እንግዳ ማን ነው? ሚኒስትር አይደለም፣ ዘፋኝም ኳስ ተጫዋችም አይደለም። ብዙ ጊዜ ፀጉሩ የሸበተ፣ መንገድ ላይ ቢያልፍ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ሰው ነው። ከ40 እና ከ50 ዓመት በፊት አንድ ጨዋታ ጽፏል፣ ወይም ለጨዋታው ሥዕል ሥሏል፣ ወይም ያን ጨዋታ መጀመሪያ ከተጫወቱት አንዱ ነው። ያ ሰው አዳራሽ ሲገባ የ20 ዓመት ወጣቶች ብድግ ብለው ያጨበጭባሉ፤ መጽሐፋቸውን ለማስፈረም ተሰልፈው ይጠብቃሉ። "ወጣቱ ሽማግሌ አያከብርም" የሚል ቅሬታ በየቤቱ በሚሰማበት ዘመን፣ ይህ ነገር ቀረብ ብሎ ሊታይ ይገባዋል።

የተረት ዘመድ የሆነ ጨዋታ

ጨዋታውን ለመረዳት ገበጣን ወይም ካርታን ሳይሆን ተረትን ማሰብ ይሻላል። አራት ወይም አምስት ሰው ጠረጴዛ ከብቦ ይቀመጣል። አንዱ ተራኪም ዳኛም ይሆናል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው ይጫወታሉ፤ አንዱ ተዋጊ፣ አንዷ ሐኪም፣ ሌላው ሌባ። ተራኪው ይጀምራል፦ መሽቷል፣ ወንዙ ሞልቷል፣ ድልድዩ ተሰብሯል፣ ከኋላ ደግሞ የሚያሳድዳችሁ አለ፤ ምን ታደርጋላችሁ? አንዱ "እዋኛለሁ" ይላል። ሌላዋ "እንጨት ቆርጬ መሻገሪያ እሠራለሁ" ትላለች። የተባለው መሳካት አለመሳካቱን ኩቢያ ተወርውሮ ቁጥሩ ይወስናል፤ ከኩቢያዎቹም አንዱ 20 ፊት አለው። ዳኛው የሆነውን ይናገራል፣ ታሪኩም ይቀጥላል።

አሸናፊና ተሸናፊ የለም። ሁሉም ተባብሮ ወይ ይሻገራል ወይ ይሰጥማል። "ተረት ተረት" ሲባል "የላም በረት" ብሎ ያደገ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ልዩነቱ አንድ ነው፤ በተረት ጊዜ ልጁ ዝም ብሎ ያዳምጣል፣ እዚህ ግን ራሱ ታሪኩ ውስጥ ገብቶ ይወስናል።

ከእነዚህ ጨዋታዎች የመጀመሪያውና እስከ ዛሬ ታዋቂው "ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ" ይባላል። የእስራኤል ልጆች በዕብራይስጥ "መቮኺም ኡድራኮኒም" ይሉታል፤ የዋሻዎችና የዘንዶዎች ጨዋታ እንደ ማለት ነው። የክብር እንግዳ ነገር የሚገባው የዚህ ጨዋታ አመጣጥ ሲታወቅ ነው።

ስደተኛው አባትና ጫማ ጠጋኙ ልጅ

ጌሪ ጋይጋክስ በ1938 በቺካጎ ተወለደ። አባቱ ኤርንስት ከስዊዘርላንድ የተሰደደ ሰው ሲሆን በቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ቫዮሊን ይጫወት ነበር። ልጁ ገና ትንሽ ሳለ ቤተሰቡ ሌክ ጄኔቫ ወደምትባል የዊስኮንሲን ግዛት ትንሽ ከተማ ተዛወረ። ያ ስደተኛ አባት ልጁን አጠገቡ አድርጎ ለብዙ ሰዓት ተረት ያወራለት ነበር፤ ከመጽሐፍ ሳይሆን እዚያው ከራሱ እየፈጠረ። ምኞት የሚፈጽሙ ካባ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ አስማተኛ ቀለበቶች፣ ክፉ ጠንቋዮችና ደፋር ሰይፈኞች ነበሩ የተረቱ ሰዎች።

ልጁ ሲያድግ በኢንሹራንስ ኩባንያ ተቀጥሮ ሠራ። ትርፍ ጊዜውን የሚያሳልፈው ግን በጦር ጨዋታ ነበር፤ ትናንሽ የወታደር ምስሎችን ጠረጴዛ ላይ እያሰለፉ የድሮ ጦርነቶችን መልሶ መዋጋት። በ1967 ጥቂት ተጫዋቾች ቤቱ ተሰበሰቡ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1968 የበጋ ወቅት፣ በሌክ ጄኔቫ የሚገኘውን የአትክልተኞች ማኅበር አዳራሽ በ50 ዶላር ተከራየና ተጫዋቾችን ጠራ። መቶ ያህል ሰው መጣ። ጉባኤውን "ጄን ኮን" አለው፤ የከተማዋን ስም ከጄኔቫ የጦርነት ስምምነቶች ጋር ያጫወተ ቀልድ ነበር። ዛሬ ጄን ኮን በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ይካሄዳል። በቅርብ ዓመታት ከ70,000 በላይ ሰው ተገኝቶበታል።

በ1969 በተደረገው ሁለተኛው ጄን ኮን ላይ ጋይጋክስ ከሚኒሶታ የመጣ ዴቭ አርነሰን የሚባል ወጣት ተማሪ ተዋወቀ። ትልቁ ነገር የተወለደው ከዚህ ትውውቅ ነው።

ጋይጋክስ በ1970 ከሥራ ተባረረ። የአምስት ልጆች አባት ነበር። ያኔ ምድር ቤቱ ውስጥ ጫማ መጠገኛ ዕቃውን ዘርግቶ የሰው ጫማ እየጠገነ ቤቱን ይደጉም ጀመር። የእጅ ሥራን ችግርም ክብርም የሚያውቁ፣ በሸክላ፣ በሽመና ወይም በብረት ሥራ ቤታቸውን ያቆሙ የጎንደርና የትግራይ አባቶችና እናቶች ይህን ኑሮ ለማሰብ አይቸገሩም። ቀን ጫማ ይጠግናል፣ ሌሊት ታይፕ ላይ ተቀምጦ የጨዋታ ሕግ ይጽፋል።

ሁለት ሰዎች፣ አንድ ወንበር

በሚኒሶታ ደግሞ ሌላ ነገር እየተሠራ ነበር። ዴቪድ ዌስሊ የሚባል የአርነሰን ጓደኛ በጦር ጨዋታው ላይ አንድ ለውጥ አመጣ፤ ተጫዋቹ ጦር ሠራዊት ከሚመራ አንድ ሰው ሆኖ ይጫወት አለ። አርነሰን ይህን ሐሳብ ይዞ "ብላክሙር" የሚባል የራሱን ምናባዊ አገር ፈጠረ። የሱ ተጫዋቾች ምሽግ ሥር ባሉ ጨለማ ዋሻዎች ውስጥ ይገቡ ነበር። ሰዎቻቸውም ከአንዱ ጨዋታ ወደ ሌላው እየተሻገሩ ልምድ እየቀሰሙ ያድጋሉ። በ1972 አርነሰን ሌክ ጄኔቫ ድረስ ሄዶ ይህን ለጋይጋክስ አሳየው። ጋይጋክስ አንድ ምሽት ተጫውቶ ተማረከ፤ ሕጉን አስፋፍቶ ጻፈው። ከመጀመሪያዎቹ ሞካሪዎች መካከል የገዛ ልጆቹ ኤርኒና ኢሊስ ነበሩ።

በ1973 ጋይጋክስና የልጅነት ጓደኛው ዶን ኬይ ሺህ ሺህ ዶላር አዋጥተው ድርጅት አቋቋሙ። ጨዋታው በ1974 መጀመሪያ ላይ ታተመ። ቁጥሩ 1,000 ነበር፣ ዋጋው 10 ዶላር፤ ሣጥኑንም በእጃቸው ነበር የሚያሰናዱት። በዓመት ገደማ ተሸጦ አለቀ። ከዚያ በኋላ ጨዋታው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ።

ገንዘብ ሲመጣ ጠብም አብሮ መጣ። የጋይጋክስ ስም በየቦታው ሲነሳ የአርነሰን ስም እየደበዘዘ ሄደ። አርነሰን በ1979 "ድርሻዬና ስሜ ተነፈገኝ" ብሎ ድርጅቱን ፍርድ ቤት ከሰሰ። ክሱ በ1981 በስምምነት ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱም የጨዋታው ፈጣሪዎች እየተባሉ ይጠራሉ።

ብዙም ሳይቆይ ጽዋው ለጋይጋክስም ደረሰ። በ1985 በአክሲዮን ሽኩቻ ድርጅቱ ከእጁ ወጣ። ከድርጅቱ ጋር ጄን ኮንም አብሮ ሄደ። በ50 ዶላር አዳራሽ ተከራይቶ የጀመረው ሰው የገዛ ድግሱ ላይ ባዕድ ሆነ።

እርቁ የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ1997 ድርጅቱን ሌላ ኩባንያ ገዛው። የዚያ ኩባንያ መሪ ፒተር አድኪሰን ራሱ በዚህ ጨዋታ ያደገ ሰው ነበር። ከቀደሙት ፈጣሪዎች ጋር የቆየውን የመብት ጉዳይ በክፍያ ዘጋ። ጋይጋክስም የጨዋታው መጽሔት ላይ እንደገና መጻፍ ጀመረ። ነገሩ የሽማግሌ ሥራ ይመስላል፤ ካሣ ተከፈለ፣ ቂም ተጣለ፣ የራቀው ወደ ማዕድ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ጋይጋክስ ወደ ጄን ኮን ሲመጣ ባለቤት ሆኖ ሳይሆን እንግዳ ሆኖ ነበር፤ ግን የክብር እንግዳ።

የክብር እንግዳ ሥራው ምንድን ነው?

የክብር እንግዳ የመጋበዝ ልማድ ከጨዋታው ይቀድማል። የሳይንስ ልቦለድ ወዳጆች በሐምሌ 1939 በኒው ዮርክ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጉባኤያቸውን ሲያደርጉ የክብር እንግዳቸው ፍራንክ ፖል ነበር። ፖል በኦስትሪያ የተወለደ ስደተኛ ሲሆን የመጽሔት ሽፋን ሠዓሊ እንጂ ደራሲ አልነበረም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ክብሩ ለባለ ሥልጣን ሳይሆን በእጁ ለሚሠራ ሰው ነበር የተሰጠው።

የጨዋታ ጉባኤዎችም ይህን ልማድ ወረሱ። ብዙውን ጊዜ አዘጋጁ የእንግዳውን የመንገድና የማደሪያ ወጪ ይሸፍናል። እንግዳው በበኩሉ ንግግር ያደርጋል፣ ከሌሎች ጋር ሆኖ ጥያቄ ይመልሳል፣ መጽሐፍ ይፈርማል። እስከዚህ ድረስ ከማንኛውም ስብሰባ የተለየ ነገር የለውም።

የሚለየው ቀጥሎ ያለው ነው። የክብር እንግዳው መድረክ ላይ ተቀምጦ አይቀርም፤ ወርዶ ከሰዎቹ ጋር ጠረጴዛ ይከብባል። ከማያውቃቸው አምስት ስድስት ወጣቶች ጋር ለሦስት ለአራት ሰዓት ተቀምጦ ጨዋታውን ራሱ ይመራል። ወጣቶቹ ስሙን ከመጽሐፍ ሽፋን ላይ ያውቁታል፤ አሁን ግን ፊት ለፊታቸው ሆኖ "በሩ ተከፈተ፤ ምን ታደርጋላችሁ?" ይላቸዋል። ልጁም ይመልሳል፣ ሽማግሌውም ያዳምጠዋል።

የወረቀት ሽልማት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ይረሳል። የጠረጴዛው ጨዋታ ግን አይረሳም። ያ ወጣት ዕድሜውን ሙሉ "ከሱ ጋር ተጫውቻለሁ" እያለ ይኖራል።

የዚህ ምሳሌ ማይክ ካር ነው። ገና በወጣትነቱ "ፋይት ኢን ዘ ስካይስ" የሚባል የአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች ጨዋታ ሠራ። ያ ጨዋታ ከ1968ቱ የመጀመሪያ ጄን ኮን ጀምሮ በየዓመቱ ጉባኤው ላይ ሲካሄድ የኖረ ብቸኛው ጨዋታ ነው ተብሎ ይነገርለታል። አሁን ማይክ ካር አረጋዊ ነው፤ ጠረጴዛው ግን አልታጠፈም።

ከቀብር የተወለደ ጉባኤ

ጌሪ ጋይጋክስ መጋቢት 4 ቀን 2008 በ69 ዓመቱ ሌክ ጄኔቫ አረፈ። በመጨረሻ ዓመታቱ ቤቱ በረንዳ ላይ ይቀመጥ ነበር። ከሩቅ አገር ሳይቀር ሰዎች ይመጡ ነበር፤ እሱም ያጫውታቸው ነበር። ዴቭ አርነሰን ደግሞ በፍሎሪዳ ለወጣቶች የጨዋታ አሠራር ሲያስተምር ቆይቶ በሚያዝያ 2009 በ61 ዓመቱ አረፈ።

ጋይጋክስ በተቀበረበት ቀን ቤተሰቡና ወዳጆቹ በከተማው የቀድሞ ወታደሮች አዳራሽ ተሰበሰቡ። አለቀሱ፣ በሉ፣ ስለሱ ተረኩ፤ ከዚያም እሱ ይወደው እንደነበረው ጠረጴዛ ከብበው ተጫወቱ። በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ሲደርስ መልሰው ተሰበሰቡ። ይህ ስብሰባ ዛሬ "ጌሪ ኮን" ይባላል። በየዓመቱ በሌክ ጄኔቫ ይካሄዳል፤ መሪውም ልጁ ሉክ ጋይጋክስ ነው። በቤተ እስራኤል ወግ ተዝካር ያወጣ ሰው ይህን ሲሰማ አይደንቀውም፤ ሙት ዓመት ሲደርስ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ተበልቶ፣ ስሙ ተነስቶ ይዋላል።

በጌሪ ኮን የክብር እንግዶች ሆነው ከሚጠሩት ብዙዎቹ የመጀመሪያው ትውልድ ሰዎች ናቸው። ቲም ካስክ የድርጅቱ የመጀመሪያ ተቀጣሪና የጨዋታው መጽሔት የመጀመሪያ አዘጋጅ ነበር። ሮብ ካንትዝ በ1972 ጋይጋክስ ቤት ከተጫወቱት ልጆች አንዱ ነው። ያኔ ልጆች የነበሩት አሁን አያቶች ሆነዋል። በየዓመቱም ቁጥራቸው ይቀንሳል፤ ዘንድሮ ጠረጴዛ ላይ የነበረው በሚቀጥለው ዓመት ስሙ ብቻ ይጠራል። ለዚህ ነው ወጣቶቹ የሚጣደፉት። ታሪኩ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል፣ ፊልምም ተሠርቶበታል። ካየው ሰው አፍ መስማት ግን ሌላ ነው፤ ያ ዕድል ቀን አለው።

"ልጁን ያበላሸዋል?"

የወላጅ ስጋት መኖሩ አይካድም። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ጨዋታው አስማትና አጋንንት ያስተምራል፣ ልጆችን ራሳቸውን ወደ ማጥፋት ይመራል የሚል ትልቅ ፍርሃት ተነስቶ ነበር። ልጇ የሞተባት አንዲት እናት ጨዋታውን የሚቃወም ድርጅት እስከ ማቋቋም ደርሳለች። ነገሩ ሲመረመር ግን ተጫዋቾቹ ከሌላው ወጣት ይልቅ ራሳቸውን እንደሚያጠፉ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም።

በእስራኤልም በ2005 የጻሃል የደኅንነት ምርመራ ጨዋታውን የሚጫወቱ ምልምሎችን "ከእውነታው የራቁ፣ በቀላሉ የሚታለሉ" አድርጎ እንደሚያይ በመገናኛ ብዙኃን ተዘግቦ ነበር። ተጫዋቾቹ በጊዜው በጣም ተከፍተዋል፤ ብዙዎቹ ያገለገሉ፣ የሚያገለግሉም ነበሩና።

በሃይማኖት ጠንካራ የሆነ አያት "ጠንቋይና ጣዖት ያለበት ነገር ለምን ያስፈልጋል?" ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ከልጁ አፍ መስማት ይሻላል። በታሪኩ ውስጥ ጠንቋይ አለ፤ በተረትም ጅብ ሰው ይሆናል። ተረት የሚሰማ ልጅ ጅብ አያመልክም። ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ ከማን ጋር ይጫወታል? ስንት ሰዓት? ትምህርቱንና ሰንበቱን ያከብራል? ይህ ጥያቄ ለስልክም፣ ለኳስም፣ ለሁሉም ይሠራል። እንዲያውም ይህኛው ጨዋታ ልጁን ከስልኩ አላቅቆ ሰው ፊት የሚያስቀምጥ ነው።

ቤት ያለው የክብር እንግዳ

በእስራኤል ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ውስጥ ያለው ችግር የታወቀ ነው። አያት ዕብራይስጥ ያጥራቸዋል፣ የልጅ ልጅ አማርኛ ወይም ትግርኛ ያጥረዋል። ሰላምታው አለ፣ መሳሙ አለ፣ ምግቡ አለ። ከዚያ በኋላ ዝምታ ነው። በበዓል ቀን አያት የክብር ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ማንም ግን ምንም አይጠይቃቸውም። ይህ ወንበር ብቻውን ክብር ይሆናል ወይ? ብዙ አረጋውያን በልባቸው ይህን ይጠይቃሉ።

የጨዋታ ጉባኤው ልማድ አንድ መንገድ ያሳያል። ሽማግሌው የሚከበረው ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ሳይሆን ወርዶ ጠረጴዛውን ስለከበበ ነው። ልጁም የሚያዳምጠው "አዳምጥ" ስለተባለ ሳይሆን ታሪኩ ውስጥ ቦታ ስለተሰጠው ነው።

ይህ ካባም ኩቢያም አይፈልግም። አያት በአምቦበር ወይም በወልቃይት የነበረ አንድ ሌሊት ያነሳሉ፤ በጎቹ አልገቡም፣ ጅብ ይጮኻል፣ አባት ለገበያ ሄደዋል፣ ቤት ያለው የ12 ዓመት ልጅ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለው "አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?" ይላሉ። ቋንቋ ቢያጥር እናት ወይም አክስት ያስተረጉማሉ። ልጁ ያስባል፣ ይመልሳል፣ ይሳሳታል፣ ይሳቃል። ከዚያ እውነት የሆነውን ይሰማል። እንዲህ ሆኖ የሰማውን አይረሳውም። በሌላ ቀን "ያን የጅቡን ጨርስልኝ" ብሎ ራሱ ይመጣል። ከጅቡ ተነስቶም አንድ ቀን ስለ መንገዱ፣ ስለ ሱዳን ይጠይቅ ይሆናል።

ልጁም በተራው ጨዋታውን ያሳይ። አያት አንድ ምሽት አጠገቡ ተቀምጠው ቢያዩ፣ ከቻሉም ኩቢያውን አንድ ጊዜ ቢወረውሩ፣ ጓደኞቹ ለሳምንት ያወሩታል።

ቫዮሊን ተጫዋቹ ኤርንስት ጋይጋክስ በጄን ኮን የክብር እንግዳ ሆኖ አያውቅም። በ1956 ሲሞት ልጁ ገና 17 ዓመቱ ነበር፤ ጨዋታው ሳይታተም 18 ዓመት ቀረው። ልጁ ግን በ1979 ባወጣው የጨዋታ መጽሐፍ ውስጥ የሥራው ሁሉ መነሻ በልጅነቱ አባቱ ያወራለት ተረት እንደሆነ ጽፏል። ዛሬ በየሱኮቱ ቴል አቪቭ የሚሄዱት ልጆች የዚያን ስደተኛ ስም አያውቁም፤ የሚጫወቱት ግን የሱን የማታ ተረት ነው።